እንግዳ የሚቀበለው እንስራ ንጹሕ ይሁን

በገጠሩ ኅብረተሰባችን ዘንድ እንግዳ ከደጃፍ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ሳይሆን መጠጥ ነው። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ጥሙን ካረካ በኋላ ነው። ቤት ያፈራው ጠላም ይሁን ቦርዴ፣ ቡናም ይሁን የቀዘቀዘ ውሃ፣ ያለውን አቅርቦ መንገደኛን መቀበል በደጋውም በቆላውም የኖረ መልካም ልማድ ነው። ይህ ልማድ ሊጠበቅና ሊከበር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህ የየቤቱ መጠጥ በማኅበር ስብሰባ ላይ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ግጦሽና ስለ መንገድ ሰፊ ውይይት ይደረጋል። ስለ ጠመቃ ሲሆን ግን «የሴቶች ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በመሠረቱ ጠመቃ የገበሬውን እህል፣ የመንደሩን ውሃ፣ የአካባቢውን ደን፣ የቤተሰቡን ጤናና የጎረቤትን ሰላም በአንድነት የሚነካ ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቀበሌ አስተዳደር በሚባለው፣ ሕዝቡም አሁን ድረስ የገበሬ ማኅበር እያለ በሚጠራው አካል ዘንድ ጉዳዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እንላለን።

ለዚህም የጉባ ወረዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጉባ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን በስተምዕራብ ከሱዳን ድንበር ላይ የሚገኝ ሞቃት ቆላ ነው። ከግልገል በለስ ተነስቶ በማምቡክ በኩል ወደ ማንኩሽ የሚወርድ መንገደኛ ሙቀቱ በየእርምጃው ሲጨምር ይሰማዋል። እንዲህ ባለው አገር የሚጠጣ ነገር ማቅረብ ከአክብሮትም አልፎ የሰውን ኃይል መልሶ የመትከል ያህል ነው። በእርሻ ላይ የዋለ ገበሬም ሆነ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነጋዴ ከሁሉ በፊት የሚሻው ፈሳሽ ነው።

ደጋው ጠላውን ከገብስና ከጌሾ ይጠምቃል። በቆላው ግን ገብስ አይበቅልም፤ ጌሾም ከወይና ደጋው በገበያ ተገዝቶ ይመጣል። ለቆላው የተስማማው እህል ማሽላና ዳጉሳ ነው። ቦርዴ ደግሞ ጌሾ ሳያስፈልገው ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ ይሠራል። ዱቄቱ ይቦካል፤ ከፊሉ በምጣድ ይታመሳል፤ ከፊሉ ይገነፋል፤ ከዚያም ብቅል ተጨምሮበትና ተጠልሎ በአራት ቀን ያህል ለመጠጥ ይደርሳል። ወፍራምና ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ጠጪው እንደ መጠጥም እንደ ምግብም ይቆጥረዋል። ማሳ ላይ የሚውል ሰው አንድ ሽክና ቦርዴ ጠጥቶ ሥራውን መቀጠሉም ከዚህ የተነሳ ነው። የቦርዴ ጉድለት ዕድሜው ማጠሩ ነው። በሙቀት አገር በማግሥቱ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ለጎረቤትና ለእንግዳ ወዲያው የሚከፋፈል እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚከማች መጠጥ አይደለም።

ይህም መጠጥ ከኅብረት ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። አረም ለማረም፣ እህል ለማጨድ ወይም ጎጆ ለመሥራት ጎረቤቱን የጠራ ሰው ድግሱን ያዘጋጃል፤ የተጠራውም ጉልበቱን ይሰጣል። ደጋው ደቦ ይለዋል። በጉሙዝ ኅብረተሰብ ዘንድም የጠመቁትን አቅርቦ ጎረቤትን ለእርሻ ሥራ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች በዚያው በመተከል በፓዌ የሰፈሩት ወገኖችም የየአገራቸውን የጠመቃ ሙያ ይዘው ነው የመጡት። በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ ሙያ መገኘቱ ሀብት ነው። አንዱ የሌላውን ቀምሶ ማድነቁም የጉርብትና መጀመሪያ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል በተከታታይ በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሕይወቱን አጥቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ዳግም አብሮ መቀመጥ በሚያስፈልገው በእንዲህ ያለው አካባቢ፣ ሰው በአንድ ጥላ ሥር ተሰብስቦ የሚቋደሰው መጠጥ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። በአንጻሩም ልክ ያጣ መጠጥ በገበያ ቀን የሚያስነሳው ጠብ ከሁለት ሰዎች አልፎ የሁለት መንደሮች ጠብ ሊሆን ይችላል። አንዱና ያው ነገር እንደ አያያዙ አስታራቂም አጣይም ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ የሚጨፈለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። እነርሱም የተጠመቀ መጠጥና የወጣ አረቄ ናቸው። የቤት ጠላ የአልኮል መጠኑ እንደ አጠማመቁ ቢለያይም በአብዛኛው ከመቶ 2 እስከ 6 እጅ ያህል ነው፤ ቦርዴም ከዝቅተኛዎቹ ወገን ነው። ዳግም አረቄ ግን ከመቶ እስከ 45 እጅ ሊደርስ ይችላል። ይህን በሒሳብ ብናየው ከመቶ 4 እጅ አልኮል ባለው ግማሽ ሊትር ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል 20 ሚሊ ሊትር ነው። በአንዲት 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ አረቄ ውስጥ ያለው ደግሞ 18 ሚሊ ሊትር ነው። ጠላው ሆድ ይሞላል፤ በዝግታም ይጠጣል። አረቄው በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። አምስት መለኪያ የወሰደ ሰው ሁለት ሊትር ተኩል ጠላ ከጠጣ ሰው ጋር ሊመጣጠን ጥቂት የቀረው ሆኖ ሳለ፣ ራሱን ግን ትንሽ እንደቀመሰ ሰው ይቆጥራል።

ጉባ ላለፉት ዓመታት የብዙ መንገደኛ መተላለፊያና ማረፊያ ሆኗል። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ ከተጣለ ወዲህ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ እስከተከፈተበት ጊዜ ድረስ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ተመላልሰውበታል። መንገደኛ ባለበት ሁሉ መጠጥ ሻጭ ይኖራል። ቶሎ የማይበላሸውና በትንሽ ዕቃ ብዙ ገንዘብ የሚያመጣው ደግሞ አረቄ ነው። በመንገድ ዳር ባሉ መንደሮች ሁሉ ቦርዴና ጠላ ለአረቄ ቦታቸውን የሚለቁበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የአረቄ ጉዳት ከጠጪው ይጀምራል፤ በእርሱ ግን አያበቃም። አረቄ የሚወጣው ድፍድፉ ለረጅም ሰዓት በእሳት ላይ ቆይቶ ስለሆነ ከሌላው ጠመቃ ይልቅ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ያን ማገዶ ከጫካ ተሸክማ የምታመጣውም፣ ቀኑን ሙሉ በጭስ ውስጥ የምትውለውም ሴት ናት። ከዚህም በላይ ገንዘብ የቸኮለ ሻጭ ለመጠጥ ያልተሠራ አልኮል ከአረቄው ጋር ከቀላቀለ ውጤቱ ዕውርነትና ሞት ነው። ሜታኖል የተባለው መርዝ በጣዕምም ሆነ በሽታ ከሚጠጣው አልኮል አይለይም። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ክፉኛ ያስመለሰውና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢገኝ «ስካር ነው፤ ይተኛ ይለቀዋል» ብሎ መተው አይገባም። በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የመዳን ተስፋው ይጠባል።

ሕጉም መታወቅ ይኖርበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ይህ አዋጅ በከተማ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። ለገጠሩም የወጣ ነው። ከብት ጠብቆ የተከፈለውን ገንዘብ ይዞ ወደ አረቄ ቤት የሚገባውን ልጅ መመለስ የፖሊስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ መሪዎችና የሽማግሌዎችም ኃላፊነት ነው።

የቤቱን መጠጥ እንወዳለን ካልን ደግሞ ንጽሕናውን መጠበቅ አለብን። በዚህ ረገድ አምስት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛው ውሃ ነው። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ከሩቅ የሚያመጡት ውሃ ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ ለጠመቃም መፍላት ይኖርበታል። «እየፈላ ሲቦካ ጀርሙን ይገድለዋል» የሚል አስተሳሰብ አለ። መኮምጠጡ አንዳንዱን ተሕዋስ እንደሚያዳክም እውነት ነው፤ ሁሉንም ግን አያጠፋም። በተለይ አደገኛ የሚሆነው መጠጡ ከደረሰ በኋላ ለማቅጠን የሚጨመረው ጥሬ ውሃ ነው። ንጹሕ ጠላ በመጨረሻዋ አንድ ጣሳ ውሃ ይበከላል።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። መርዙ ከፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራልና። እንዲህ ያለውን ዕቃ በስቶ ከአገልግሎት ውጭ ማድረግ እንጂ ወደ ገበያ መመለስ ወንጀል የመሥራት ያህል ነው። እናቶቻችን እንስራውን በወይራ ማጠናቸው፣ ከማጠናቸውም በፊት በሚገባ ማጠባቸው ከብዙ ልምድ የተገኘ ሙያ ስለሆነ ፕላስቲክ መጣ ተብሎ ሊጣል አይገባም።

ሦስተኛው ዘር ነው። በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር ከመዝራት ተርፎ ቢቀር ለብቅል አይሆንም። ቀለሙ በውሃ ቢለቅም መርዙ አይለቅም። የማኅበር መሪዎች ዘር በሚያከፋፍሉበት ዕለት ይህን በአፍ መናገር ይኖርባቸዋል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉም ሰው አያነብምና።

አራተኛው ሻጋታ ነው። ዝናብ የመታው ወይም በጉድጓድ ውስጥ እርጥበት አግኝቶ የሻገተ ማሽላ «ለምግብ ባይሆን ለጠላ ይሁን» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በመፍላትም ሆነ በመቡካት አይጠፋም፤ ውሎ አድሮም ጉበት ይጎዳል።

አምስተኛው የማሽላ ብቅል ነው። ለጋ ማሽላ የበላ ከብት ሊሞት እንደሚችል የቆላ ገበሬ ያውቃል። ያው ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር ማሽላው ለብቅል ሲበቅል በጎነቆለው ቡቃያ ውስጥ ይፈጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ብቅሉን በፀሐይ በሚገባ አድርቆ፣ ሥሩንና ቡቃያውን በእጅ አሽቶ፣ በሰፌድ አንፍሶ ማስወገድ ነው። ጠንቃቃ ጠማቂዎች ይህን የሚያደርጉት ለጣዕሙ ሲሉ ነው፤ ለጤናም እንደሚበጅ ቢታወቅ ሁሉም ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የእህሉ ጉዳይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጎተራ ሲሞላ እጅ ይፈታል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎተራው ይራቆታል። በጥጋቡ ወራት ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለገበያ የተጠመቀው እህል በክረምቱ የልጆች ቂጣ ሊሆን ይችል የነበረው ነው። ይህ ሲባል አይጠመቅ ማለት አይደለም። ባልና ሚስት ተመካክረው በመጀመሪያ የዘሩን፣ ቀጥሎ የዓመቱን ቀለብ፣ በመጨረሻም የጠመቃውን ለይተው ያስቀምጡ ማለት ነው። የሚተርፈው አተላም ሳይጣል ለሚደልቡ ከብቶች ቢሰጥ ከእህሉ የተወሰነው ዋጋ ይመለሳል።

እንግዳ ተቀባይነት በአልኮል ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። በክልሉ በአሶሳ በኩል ካለው የበርታ ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። ይህ አካባቢ የራሱ የሆነ ግሩም መጠጥ አለው። ደርቆ የተቀመጠውን የከርከዴ አበባ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ስኳር ወይም ማር ጨምሮ አቀዝቅዞ ማቅረብ ይቻላል። ቀይ ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ኮምጣጣነቱም ጥም ይቆርጣል። በቆላው የሚበቅለው የሁመር ፍሬም እንዲሁ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። በጎረቤት ሱዳን በረመዳን ወር ለማፍጠሪያ የሚቀርበው ሒሉ ሙር የተባለ መጠጥ ከማሽላ ብቅል ዱቄትና ከቅመማ ቅመም በስሱ ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ በውሃ የሚዘፈዘፍ ነው። ስሙ «ጣፋጭና መራራ» ማለት ሲሆን አልኮል የለውም። በደጋው በኩል ያሉት ብርዝና ቅሪቦም ሳይሰክሩ የሚጠጡ ናቸው።

ስለዚህ በማንኛውም ድግስ ላይ ከእንስራው ጎን አልኮል የሌለው መጠጥ እኩል ክብር ተሰጥቶት ሊቀመጥ ይገባል። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ሾፌር የሚጠጡትን እንዳያጡ ነው። ቦርዴ ወተት ያመጣል ተብሎ ለአራስና ለእርጉዝ የመስጠት ልማድ አለ። ምግብነቱ ባይካድም አልኮል ስላለበት ለእርጉዝ ሴትም ሆነ ለሕፃን አይመከርም። ከዚያው ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ዱቄት የተሠራ አጥሚት ምግቡን ያለ አልኮሉ ይሰጣል።

መንገደኛውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የቀረበለትን መናቅ ነውር ነው፤ ቀምሶ ማመስገንና ስለ አሠራሩ መጠየቅ ግን ባለቤቲቱን ያስደስታል። በውሃው ከተጠራጠረ ቡና ይበቃኛል ቢል የሚቆጣው የለም፤ የቡና ውሃ ፈልቷልና። መሪ የያዘ ሰው ከሆነ «እነዳለሁ» ማለቱ ብቻ በቂ ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድለት ይገባል። «ሞቴን፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሾፌርን ማስጠጣት ደግነት መስሎ ይታይ እንጂ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የብዙ ሰው ሕይወት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር የሴቶች ገቢ ነው። ጠላና ቦርዴ ሸጣ የልጆቿን ደብተር የምትገዛ፣ የጨውና የሳሙና ወጪዋን የምትሸፍን እናት ብዙ ናት። እርሷን በማሳደድ አረቄ አይጠፋም። የሚያዋጣው ንጹሑ መጠጥ ከአረቄው የተሻለ ገበያ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የገበያው ሥፍራ ጥላና የታከመ ውሃ ቢኖረው፣ ጠማቂዎቹም በቡድን ተደራጅተው ተራ ቢይዙ፣ ቦርዴው ሳይኮመጥጥ ያልቃል፤ ከርከዴውም ገዢ ያገኛል። የቆላ እህልን መናቅም አይገባም። ናይጄሪያ በ1980 ዓ.ም. የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ባገደች ጊዜ ትላልቅ የቢራ ፋብሪካዎቿ ፊታቸውን ወደ አገራቸው ማሽላ ማዞራቸው፣ ድሀ የሚባለው እህል ለትልቅ ሥራ እንደሚበቃ ያስረዳል።

እንግዲህ ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው ጥቂት ነገር ነው። በቅርቡ በሚደረገው ስብሰባ ጠመቃን አንድ አጀንዳ አድርገው ሴቶች ራሳቸው እንዲናገሩበት ቢያደርጉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ውሃና ስለ ብቅል እንድታስረዳ ቢጋብዙ፤ የመርዝ ጀሪካን በገበያ እንዳይሸጥ ቢወስኑ፤ በገበያ ቀን ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መጠጥ እንዳይሸጥ ከሻጮቹ ጋር ቢስማሙ፤ በደቦም ሆነ በድግስ ላይ አልኮል የሌለው መጠጥ አብሮ እንዲቀርብ ራሳቸው በቤታቸው ቢጀምሩ፣ ይህን ሁሉ ለመፈጸም ከላይ የሚመጣ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። ወጪው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

በጉባም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የጠመቃ ሙያ ገበሬው በገዛ እህሉ፣ በገዛ እጁ የሚያዘጋጀው ነው። ይህን ሙያ አረቄ እንዳይተካው፣ ቆሻሻ ውሃም እንዳያስወቅሰው መጠበቅ የማኅበሩ መሪና የእያንዳንዱ ቤተሰብ የጋራ ኃላፊነት መሆኑን ደግመን እናሳስባለን።